ናዲን ያልያዘችው ሽጉጥ

ስታቫንገር፣ ኖርዌይ
ኦገስት 20

ለተከበሩ አክስቴ ኦሌታ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ ተሻለዎ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ዝናቡም ደህና ነው፤ ይህን አገር ከረገጥኩ ጀምሮ አላባራም። እርስዎ «የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ስለሆንኩ በስልክና በኢሜል የጻፍኩትን ማንም ዜጋ በሕግ ጠይቆ ሊያነበው ይችላል፤ ቁም ነገር ካለሽ በወረቀት አድርጊው» ስላሉኝ ይኸው በወረቀት አድርጌዋለሁ። ትምህርት ከጨረስኩ ወዲህ በእጄ ይህን ያህል ጽፌ አላውቅም፤ ፊደሌ ቢወላገድ ይታገሱኝ።

ቁም ነገሩ የእማዬ ጉዳይ ነው። ትምህርት የተከፈተ ዕለት የተነሳችውን ፎቶ ላከችልኝ። የምትሠራበት የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት በር ላይ ቆማለች። ዙሪያዋን ያሉት ሕፃናት በቁምጣና በስስ ካናቴራ ናቸው። እሷ ግን እስከ አንገቷ የተቆለፈ ወፍራም ሰደርያ ለብሳ ፊቷ በላብ ወርዝቷል። በኦገስት! በቴክሳስ! ደውዬ «ምን ሆነሻል? ብርድ ብርድ ይልሻል እንዴ?» ብላት «ልብሴን ለእኔ ተይው» ብላ ሳቀች። አባዬ ጥሏት ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። «ሰዉ አሁን ቆሞ ሰላም ይለኛል» አለችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት ወሬ ቀየረች።

እርስዎና እሷ የወንድማማች ልጆች ናችሁ፤ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ ላይ አድጋችኋል። እሷ እኔን የምትደብቀኝን እርስዎ ያውቁታልና እባክዎ ይንገሩኝ። ታማ ከሆነ ልወቀው።

ለልጅዎ ለኮልቢና ለልጆቹ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ።

አክባሪዎ ማርላ


ሃርሞን ዌልስ፣ ቴክሳስ
ሴፕቴምበር 9

ለልጄ ለማርላ፤

ጌታ ከዚያ ከባሕሩ ጉንፋን ይሰውርሽ። የእኔን ጉልበት ተይው፤ እሱ እንደ ባሌ ነው፤ ሳልለምደው ጥሎኝ አይሄድም። ደብዳቤዬን ካነበብሽ በኋላ አቃጥዪው ብዬ የምለምንሽ አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፤ እናትሽ አልታመመችም። እንዲያውም እንደ ዘንድሮ ጤነኛ ሆና አታውቅም።

ሕጉን ሰምተሽ ይሆናል። ኦስቲን ያሉት ሕግ አውጪዎቻችን እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የታጠቀ ጠባቂ ይኑረው ብለው ደነገጉ። ፖሊስ ቅጠሩ ይላል። የት ተገኝቶ! ሃርሞን ዌልስ እንኳን ፖሊስ የጥርስ ሐኪም አላት? ሸሪፉ ራሱ የሚቀመጠው ሌላ ከተማ ነው። እንግዲህ ፖሊስ ያጣ ቦርድ ከራሱ ሠራተኞች አንዱን አሠልጥኖ ያስታጥቅ ተባለ። የሚታጠቀው ሰው ማን እንደሆነ የምናውቀው እኔ፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊና ሸሪፉ ብቻ ነን። ሌላ ሰው ከጠየቀ መልሳችን «ነውም አይደለምም አንልም» ነው። ክፉ ሰው ቢመጣ ቀድሞ ማንን እንደሚመታ እንዳያውቅ ተብሎ ነው።

ነገር ግን የዚህን ከተማ ሰው ታውቂዋለሽ። ሌላ ሥራ የለው። ማን ሸሚዙን ከሱሪው አውጥቶ ለበሰ፣ ማን ሲቀመጥ ወገቡን አመመው፣ ማን ቅዳሜ ወደ ተኩስ ሜዳው ነዳ፣ ይህንኑ ሲቆጥር ይውላል። ስለዚህ አንድ ብልሃት አመጣሁ። ሐሳቡ የእኔ ነው፤ ብኮራበት አትፍረጂብኝ። ለሥልጠና ሁለት ሰው እንላክ፤ አንዱ እውነተኛው፣ ሌላው ማሳሳቻ። ማሳሳቻው ሰው ሁሉ እያየው ይሂድ፤ ተመልሶም አንድ ነገር የደበቀ የሚመስል ልብስ ይልበስ። ማን እንደሆነች ገባሽ አይደል?

ልጄ፣ ብታያት! ተኩስ ሜዳው ላይ ዒላማውን ትታ የሸሪፉን የውኃ በርሜል በሳችው። ሸሪፉ ሽጉጡን ከእጇ ተቀብሎ «ናዲን፣ ጠላት ከመጣ መጽሐፍ ወርውሪበት» አላት። ከሰደርያው ሥር ያለው የጉሮሮ ከረሜላና የልጆች ቁስል ፕላስተር ነው። ከተማው ግን አምኗል። ዕድሜዋን ሙሉ ዞር ብሎ ያላያት ወንድ ሁሉ ባርኔጣውን ያነሳላታል፤ ቤተ ክርስቲያን ስትገባ ቦታ ይለቁላታል። የሚያስቀኝ አንዳንዴ ራሷም የታጠቀች እየመሰላት መሆኑ ነው። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መሄድ ጀምራለች።

እሷም እንደ እውነተኛው ቃለ መሐላ ፈርማለች። ከተናገረች ሥራዋንም የማስተማር ፈቃዷንም ታጣለች፤ ስለዚህ አትጎትጉቻት።

ካስቸገርኩሽ አይቀር፣ የዚያን አገር ወፍራም የሱፍ ሹራብ ለኮልቢ ብትልኪልኝ። ትልቁን ቁጥር፤ ደረቱን ታውቂዋለሽ። ዘንድሮ የትምህርት ቤቱን የፉትቦል ቡድን አሠልጥኖ ለዋንጫ ያደርሳል እየተባለ ነው፤ ሰዉ በእጁ ሊሸከመው ምንም አልቀረው።

የምትወድሽ አክስትሽ ኦሌታ


ስታቫንገር
ኦክቶበር 3

ለተከበሩ አክስቴ ኦሌታ፤

ሰላምና ጤና ለቤትዎ ይሁን። ሹራቡን ልኬዋለሁ፤ ሰማያዊው ይሻለዋል ብዬ ነው።

ስለ እማዬ የጻፉልኝን ሳነብ ሳቅሁ፤ ከዚያ ሳቄ ቆመ። የውኃ በርሜሉ ያስቃል። ግን አክስቴ፣ አንድ ክፉ ቀን ቢመጣ ሰዉ ሁሉ ወደ ማን ነው የሚያየው? ወደ እሷ አይደለም? በባዶ እጇ ምን ልታደርግ ነው? ይህን አስባችሁበታል?

ደስታዋን ልነጥቃት አልፈልግም። ትናንት ስትደውል «የከብት ነጋዴው ከነሚስቱ ምሳ ጠራኝ» ብላ እንደ ልጃገረድ ስታወራልኝ ነበር። እርስዎ ብቻ እንደ እህት ይጠብቁልኝ። ከእርስዎ ሌላ እዚያ ማንም የላትም።

አክባሪዎ ማርላ


ሃርሞን ዌልስ
ኖቬምበር 24

ለማርላ፤

ጌታ ያጽናሽ፤ እኛንም ያጽናን። ለምን እንደዘገየሁ ታውቂያለሽ። በስልክ ስትጮሂብኝ መልስ ያልሰጠሁሽም ስልኩ የቦርዱ ስለሆነ ነው። አሁን በረጋ መንፈስ ልንገርሽ።

ረቡዕ ቀን ነበር፤ ልጆቹ ምሳ በልተው ወደ ክፍል ተመልሰዋል። ምግብ አብሳይዋን ሮሳልባ ትሬቪኞን ታስታውሻታለሽ፤ የቀድሞ ባሏ አጠገቧ እንዳይደርስ ፍርድ ቤት አግዶት ነበር። የወጥ ቤቱ የጓሮ በር ወተት ሲራገፍ በሣጥን ተደግፎ ክፍት ይደረጋል፤ ሁሌም እንደዚያ ነው፤ በስብሰባ ስንት ጊዜ ተናግረናል። በዚያ ገባ። በረዶ መሥሪያው አጠገብ አገኛትና ተኮሰባት። ከዚያ ወጥቶ የወተት ሣጥኖቹ ላይ ተቀመጠ፤ ሸሪፉ መጥቶ እስኪይዘው ድረስ ካለበት አልተንቀሳቀሰም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው የእኛ ሸሪፍ ነገር። ሮሳልባ ወዲያው አልሞተችም። ሸሪፉ እስኪደርስ ድረስ ስትጣራ ነበር ይላሉ። የደረሰላት የለም።

እናትሽ ሌላው ጫፍ ላይ ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ጋር ነበረች። በሩን ቆልፋ፣ መብራት አጥፍታ፣ ልጆቹን ጠረጴዛ ሥር አስገብታ በጀርባዋ በሩን ደግፋ ተቀመጠች። መመሪያው የሚለው ይህንኑ ነው። አንድም ልጅ አልተጫረም።

ሰው ግን ሰው ነው፤ ያወራል። «ሽጉጥ ታጥቃ እያለ ተደበቀች» ይላሉ። የሮሳልባ እናት ዶኛ ኤልቪራ ፖስታ ቤት ውስጥ ፊቷ ላይ ተፋችባት ብለው ነገሩኝ። እኔ አላየሁም። ሐዘን ነው፤ ያልፋል። እናትሽም ቻል አድርጋ ዝም ብላለች፤ ዝም አይነቅዝም።

አንቺም ዝም በዪ። ጋዜጠኞች ከዳላስ መጥተው ደጃፍ ደጃፉን እያሸተቱ ነው። አትምጪ፤ አትጻፊ፤ ለማንም አትደውዪ። የላክሽው ሹራብ ደርሷል። ኮልቢ ጉንፋን ይዞት ቤት ነው የሰነበተው።

ኦሌታ


ስታቫንገር
ዲሴምበር 5

ለተከበሩ አክስቴ ኦሌታ፤

ጤናዎን ይስጥዎ። ዛሬ ረጅም ሰላምታ አልችልም።

ያልፋል ያሉት አላለፈም። እማዬ አትነግረኝም፤ የነገረችኝ ጎረቤቷ የፖስታ አመላላሹ ሚስት ናት። ሰዎች ከቤተ መጻሕፍቱ የተዋሱትን መጽሐፍ ሁሉ አምጥተው እማዬ በረንዳ ላይ እየወረወሩት ይሄዳሉ። አንዳንዱን አርጥበውታል፤ አንዱ ላይ «ፈሪ» ብለው ጽፈውበታል። እሷም እየለቀመች፣ እያደረቀች፣ በፊደል ተራ ትደረድረዋለች አሉ። በዚያ ከተማ ሰው ጥርሱን እንኳን ሲነቀል ወጥ ይዞ የሚመጣ ጎረቤት አይጠፋም። ወደ እማዬ አንድ ሳህን ይዞ የመጣ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስትቀመጥ ከወንበሩ ተነስተው ይሄዳሉ። እርስዎስ አክስቴ? እርስዎ የት ነው የሚቀመጡት?

የምለምነው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። «ናዲን አልታጠቀችም ነበር።» ይኸው ነው። ማን እንደታጠቀ አይንገሯቸው። የሚመጣው ስብሰባ ላይ ተነስተው ይህችን ብቻ ይበሉልኝ። ስለ እግዚአብሔር እለምንዎታለሁ። ተንበርክኬ ነው የምጽፈው ቢባል ውሸት አይደለም።

ማርላ


ሃርሞን ዌልስ
ዲሴምበር 22

ለማርላ፤

መልካም የልደት በዓል ያድርግልሽ። ሕፃኑ ኢየሱስ ለሁላችን ማስተዋልን ይስጠን፤ ለአንዳንዶቻችን ደግሞ አብዝቶ ይስጠን።

ያልሽው አይሆንም። ጠበቃችንን ጠይቄአለሁ። «ናዲን አይደለችም» ብለን አንዷን ካጠራን ነገ ሰዉ መጥቶ «ኃላፊውስ? የሒሳብ መምህሩስ? የጽዳት ሠራተኛውስ?» ይላል፤ አንድ በአንድ እያጠራን ስንሄድ የሚቀረው እሱ ነው። ሠራተኞቻችን ስንት ቢሆኑ ነው? ስለዚህ ስለማንም ነውም አይደለምም አንልም። ምርመራውም ታሽጓል። ሸሪፉ በሚቀጥለው ዓመት ምርጫ አለበትና አፉን አይከፍትም።

እናትሽን በጠመንጃ አስገድጄ አላስገባኋትም። በእጇ ፈርማለች። ባርኔጣ ሲነሳላት ደስ ብሏት ነበር፤ ምሳ ሲጠሯት ሄዳ በልታለች። የሰው ክብር ሲበሉት ይጣፍጣል፤ ዋጋው ሲመጣ ግን «እኔ አላዘዝኩም» አይባልም። ሕፃን አይደለችም።

ቤተ ክርስቲያን የት እንደምቀመጥ ጠይቀሽኛል። ድሮ የምቀመጥበት ነው የምቀመጠው። ከዚያ የተነሳችው እሷ ናት፤ ኋላ በሩ አጠገብ ሄዳለች። እኔን ብላ እንደሆነ አላውቅም።

ቦርዱ ደግ ነው። በጡረታ ትሰናበት፤ የምስጋና ወረቀትም እንሰጣታለን። በመስታወት አስገብተን።

ኦሌታ


ስታቫንገር
ጃንዋሪ 14

ለአክስቴ ኦሌታ፤

እማዬ እኔ ጋ ናት። ለገና ሄጄ አመጣኋት። መንገድ ላይ አይተውኝ ወደ ሱቅ ዘው ያሉት እርስዎ ነበሩ አይደል? ኮትዎን አውቀዋለሁ።

ሰደርያውን አስወልቄ ጣልኩት። ከስታ አጥንቷ ቀርቷል። ስለዚያ ቀን አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ፤ ልጆቹ በጨለማ «መምህር ናዲን፣ አንቺ እኮ ሽጉጥ አለሽ፤ አትፍሪ» እያሉ ያጽናኗት ነበር። ይህን ስትነግረኝ ነው ያለቀሰችው።

እኔም ቁጭ ብዬ አሰብኩ። የሚያውቁት ሦስት ሰዎች ናችሁ። ኃላፊው በገና ሰሞን ሥራውን ለቆ ሄዷል፤ ሸሪፉ ለራሱ ወንበር ብቻ ነው የሚጨነቀው። እርስዎ ግን ነገሩን እንደ ጫጩት ነው የሚታቀፉት። የሒሳብ መምህሩ ቢሆን እርስዎ ለሱ ብለው አብረዋት ያደጉትን ሴት ያስተፉባት ነበር? የጽዳት ሠራተኛው ቢሆን? ወጥ ቤቱና የስፖርት አዳራሹ የሚገናኙት በአንድ በር ነው፤ እኔም እዚያ ነው የተማርኩት። አሠልጣኝ ኮልቢ ያን ዕለት የት ነበር? ያ ጉንፋንስ ተሻለው?

የመጀመሪያው ደብዳቤዎ አልተቃጠለም። ከረሜላውም ፕላስተሩም በእጅዎ ጽሑፍ አለ። ለዳላስ ጋዜጣ ልስጠው ብዬ ነበር። እማዬ እጄን ይዛ «አይሆንም፤ ኦሌታ በራሷ አፍ ትናገረዋለች፤ አውቃታለሁ። ቤተሰብ በጋዜጣ አይዋረድም። ካወጣሽው ይቅር አልልሽም» አለችኝ። ስለዚህ ተቀምጧል። እሷ ትጠብቃለች፤ እኔም ለእሷ ስል እጠብቃለሁ። እኔ የምጠብቀው ግን ሳላምን ነው።

ማርላ


ሃርሞን ዌልስ
ሜይ 30

ለውድ ልጄ ለማርላ፤

ጌታ ይባርክሽ፤ የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ እናትሽንም ዕድሜ ይስጥልኝ። ይህን ያህል ወር ዝም ብዬ ዛሬ መጻፌ እንደሚያስከፋሽ አውቃለሁ። አንብበሽ ጨርሺውና ከዚያ ስደቢኝ።

የናዲን ስንብት ከጸደቀ በኋላ ከተማው «አሁን ማንን ነው የምታስታጥቁልን?» ማለት ጀመረ። ሕጉም እኮ አለ፤ በባዶ መቀመጥ አይቻልም። ባለፈው ሳምንት በስፖርት አዳራሹ ስብሰባ ጠራን። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰዉ ቆሞ ነበር። ዶኛ ኤልቪራ ከነጥቁር ልብሷ ተነሳች። የሮሳልባን ትንሿን ልጅ በእጇ ይዛለች። እንዲህ አለች፦ «ምስጢር አንፈልግም። ምስጢራችሁ ልጄን ገደላት። ያቺን ፈሪ አሮጊት ከምታስታጥቁ ኮልቢ ቢሆን ኖሮ ሮሳልባዬ ዛሬ በሕይወት ነበረች። ኮልቢን ስጡን።»

ማርላ፣ አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። «ኮልቢ! ኮልቢ!» አሉ፤ ለጨዋታ እንደሚጮኹለት። ጀርባውን ይደበድቡታል፣ እጁን ይጨብጡታል። እኔ ሰብሳቢ ነኝ፤ መድረኩ ላይ ተቀምጫለሁ፤ መዶሻው በእጄ ነው። የልጄን ፊት አየሁት። ወጥቶ መኪናው ጎማ ሥር አስመለሰ። ሰዎቹ «ልቡ ተነክቶ ነው፤ ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው» አሉ።

አንቺ ታውቂዋለሽና ከአንቺ መደበቅ አልችልም። እሱ ነበር። ሽጉጡ እጁ ላይ፣ የበሩ ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ነበር። የኳስ ዕቃ ክፍል ገብቶ ቁጭ አለ። ትናንት ነገረኝ፤ «እማ፣ ስሜን ትጠራ ነበር። ሌላ ሰው አልጠራችም። እኔ ከግድግዳው ወዲህ እንዳለሁ ታውቅ ነበር» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ በር አያልፍም፤ ሕንፃውን ዞሮ ነው የሚሄደው። እና አሁን ያንኑ ሽጉጥ መልሰው ሊያስታጥቁት ነው፤ በግልጽ፣ ባጅ ደረቱ ላይ ለጥፈው፣ ጠዋት ጠዋት ዋናው በር ላይ ሊያቆሙት። ድምፅ የሚሰጠው በጁላይ ሁለተኛ ሳምንት ነው። አትቀበል እንዳልለው ምን ምክንያት ይሰጣል? እንዲህ ያለ ትልቅ ሰው፣ ቡድኑን ለዋንጫ ያደረሰ፣ ለሕፃናት ብሎ አልቆምም ቢል ይጠይቁታል፤ ሲጠይቁት ደግሞ ይወድቃል። አውቀዋለሁ፤ ይወድቃል።

አንድ መውጫ አለ። የነዳጅ ሥራ አግኝቶ ውጭ አገር ሄደ ቢባል በዚህ ከተማ የሚከበር እንጂ የሚጠረጠር የለም። አንቺ ያለሽበት የነዳጅ መሥሪያ ቤት ሰው ይቀጥራል። የፈለገውን ይሥራ፤ ዕቃ ያራግፍ፤ መሬት ይጥረግ። ከድምፁ በፊት የቅጥር ጥሪ ብቻ ይምጣለት። አውሮፕላኑ በተነሳ ማግሥት እኔ በስብሰባ ፊት ቆሜ «ናዲን አልታጠቀችም ነበር፤ ሐሰተኛ ወሬ ነው» እላለሁ። በአምላኬ ፊት ምያለሁ። የፈለግሽው ይህ አልነበረም? ይኸው።

እናትሽን ስሚልኝ። ኮልቢን እንዴት እንደምትወደው ታውቂያለሽ፤ ፊደል ያስቆጠረችው እሷ ናት።

አክስትሽ ኦሌታ


ስታቫንገር
ጁን 22

ኦሌታ፤

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ሥራው አለ። ወደብ ላይ ዕቃ የሚያነሱ ጉልበተኞች አጥተው ማስታወቂያ ከለጠፉ ሰንብተዋል፤ ቴክሳስ ያደገ ሰው ሲያገኙ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ስሙን ብሰጥ ጥሪው በሳምንት ውስጥ ይደርሰው ነበር። አልሰጠሁም። አልሰጥምም።

«የእናቷን ስም አጥሪልኝ ብላ ስትለምነኝ የነበረችው ልጅ ዛሬ ሲሰጧት እንቢ አለች» ትይ ይሆናል። አዎ፣ ለምኜሻለሁ። በዲሴምበር ተናግረሽ ቢሆን እግርሽን እስም ነበር። በማርች እንኳን ብትናገሪ ይቅር እልሽ ነበር። አሁን ግን እውነቱን የምትናገሪው ለእናቴ ብለሽ አይደለም። የእናቴ ስም በኮልቢ ቲኬት ላይ የሚጨመር ምራቂ ሆነ። እንደዚያ አድርጌ አልቀበልሽም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ደብዳቤሽን ለጋዜጣ እሰጣለሁ ብለሽ እንቅልፍ አጥተሽ ከሆነ ተኚ። አሁን ባወጣው ከተማው እውነቱን አውቆ ኮልቢን ከሹመቱ ያወርደዋል፤ ያኔ የማድነው እሱን ነው። ይሹሙት። ዶኛ ኤልቪራ በገዛ እጇ ባጁን ትለጥፍለት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቁም፤ የሮሳልባ ልጅም ቦርሳዋን አዝላ «ደህና አደርክ፣ አሠልጣኝ» እያለችው ትለፍ። እማዬ ያንን ሰደርያ ለብሳ በባዶ እጇ ቆማለች፤ እሱ እንኳን ሽጉጥ አለው።

የልጆቹ ነገር ካሳሰበሽ አፍ አለሽ። «ልጄ ነበር» የምትል ሁለት ቃል ናት። ማንም መቅጠርም ሆነ መፈረም አያስፈልገውም፤ ዛሬውኑ ነገሩ ያልቃል፣ የእናቴም ስም ይነጻል። አትዪም። እኔም እንደማትዪ እያወቅሁ ነው ይህን የምጽፈው። ለእነዚያ ሕፃናት እኔም ከአንቺ የተሻልኩ አይደለሁም። ክፉ ሆኛለሁ፤ ደስ ብሎኛል ብል ግን ውሸት ነው።

ለእማዬ አልነገርኳትም። ብነግራት በዚያው ቅጽበት አንቺን ይቅር ብላ፣ ኮልቢን አልጋዋ ላይ አስተኝታ፣ ራሷ ሶፋ ላይ ታድር ነበር። ስለዚህ ነው ያልነገርኳት። ከእንግዲህም አልነግራትም፤ አንቺም ብትጽፊላት ፖስታውን የምቀበለው እኔ ነኝ።

ያንቺን ስከፍት ድንች እየላጠች ነበር። «ከኦሌታ ነው? ተናገረች እንዴ?» አለችኝ። ፖስታ በመጣ ቁጥር የምትጠይቀኝ ይህንኑ ነው።

«አልተናገረችም። ሙቀቱ በርትቶብናል ነው የምትለው» አልኳት።

«ሥራ በዝቶባት ይሆናል። ትናገራለች። ኮልቢስ?»

«ኮልቢ ደህና ነው፤ ሹመት ሊሰጡት ነው።»

«ተመስገን» አለች፤ ድንቹን አጠበችና ድስቱን ጣደች።

ማርላ